ከከፍተኛ ሊግ ወደ ፕሪሚየር ሊግ፦ አንድ የሀዋሳ አማካይ ምን ይጎድለዋል?

ታቦር ሥር (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለቤቱ። ሀዋሳ ላይ ከፍተኛ ሊግን (ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ያለውን ሁለተኛ እርከን) የሚከታተል ሰው «ይሄ ልጅ እስካሁን እዚህ ምን ይሠራል?» ማለቱ አይቀርም። ስም መጥራት አያስፈልግም፤ እንዲህ የሚባልለት ልጅ በየዓመቱ አይጠፋም። ለውይይት እንዲመች አንዱን በሐሳብ እንሣል። 20 ዓመቱ ነው፤ ቀኝ እግሩ የሚያደላ የመሀል ሜዳ አማካይ፣ 66 ኪሎ። እስከ 60ኛው ደቂቃ ጨዋታው ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ሜዳ ላይ መኖሩም ይረሳል። ኮንትራቱ አንድ የውድድር ዘመን ይቀረዋል።

ሦስት መንገድ ቀርቦለታል እንበል። አንድ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ለተቀያሪ ወንበር ይፈልገዋል። ሌላ የከፍተኛ ሊግ ክለብ በተሻለ ደመወዝ ቋሚ ተሰላፊ አደርግሃለሁ ይለዋል። አንድ «ወኪል ነኝ» ባይ ደግሞ የውጭ ሙከራ አመቻችልሃለሁ እያለ ነው።

ምን ይሥራ? የትኛውን ይምረጥ? «በርታ ወንድሜ፣ ፈጣሪ ይርዳህ» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለንና እሱን እንዝለለው።

ስምንት ቁጥር አዳማ

ከመንገዱ በፊት ልጁን እንይ። እኛ ጋ ጎበዝ አማካይ ሲባል ሦስት ሰው አልፎ ጭብጨባ የሚያገኘው ነው። ከላይኛው ሊግ የመጣ መልማይ ግን ኳሱ እግሩ ላይ ከመድረሱ በፊት ያለውን ነው የሚያየው። ዞር ዞር ብሎ አየ ወይ? ሲቀበል ሰውነቱ ወደ ፊት ተከፍቷል ወይስ ጀርባውን ለተጋጣሚ ግብ ሰጥቷል? ኳስ ሲነጠቅ በሚቀጥሉት አምስት ሰከንዶች ምን አደረገ? እጁን ወደ ዳኛው ካነሣ፣ መልማዩ ማስታወሻውን ዘጋ ማለት ነው።

አንገት ማዞር ወሬ ብቻ አይደለም። ኖርዌጂያዊው ተመራማሪ ጌይር ዮርዴት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግና የስፔን ላ ሊጋ አማካዮችን ቆጥሮ፣ ፍራንክ ላምፓርድ ኳስ ከመቀበሉ በፊት በሰከንድ 0.62 ጊዜ፣ ዣቪ 0.83 ጊዜ ዙሪያውን እንደሚያይ አስቀምጧል። ስለዚህ ከመቀበሉ በፊት ባሉት አሥር ሰከንዶች ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ ማለት ነው። በስልክ ቀርጻችሁ የራሳችሁን ልጅ ቁጠሩ። ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ፣ ችግሩ የኳስ ችሎታ አይደለም፤ መረጃ ሳይዝ ነው ኳስ የሚቀበለው። ለዚህ ነው ሁለት ተጨማሪ ንክኪ የሚያስፈልገው። ከፍተኛ ሊግ ላይ ለሁለቱ ንክኪዎች ጊዜ አለ፤ ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ ግን ላይኖር ይችላል።

ልምምዱ ቀላል ነው፣ የሚሰለቸው ግን ብዙ ነው። 4 ለ 2 ሮንዶ (አራቱ ዙሪያ ቆመው ያቀባብላሉ፣ መሀል ያሉት ሁለቱ ለመንጠቅ ይሞክራሉ) በ8 በ8 ሜትር፣ በሁለት ንክኪ። ከክቡ ውጭ አንድ ሰው ይቆምና ኳሱ መንገድ ላይ ሳለ ጣቱን ያነሣል፤ ተቀባዩ ከመንካቱ በፊት ስንት ጣት እንደሆነ ጮክ ብሎ መናገር አለበት። ካልተናገረ ወደ መሀል ይገባል። አንድ ዙር 90 ሰከንድ፣ ስድስት ዙር። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሰውየው ሁሌ አንድ ቦታ ስለሚቆም ነው፤ ልጁ ኳሱን ሳይሆን ሰውየውን መልመድ ይጀምራል። ቦታውን በየዙሩ ይቀይር።

አሞራ ገደል ማዶ

ቦታም መቀየር እንዳለበት አስቡ። ካልቪን ፊሊፕስ ሊድስ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ላይ ሳለ ከሣጥን ሣጥን የሚመላለስ አማካይ ነበር። አሰልጣኙ ቢዬልሳ እ.ኤ.አ. በ2018 መጥቶ ከተከላካዮቹ ፊት አስቀመጠው፤ ሊድስ በ2020 አደገ፣ ልጁም በ2021 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ለእንግሊዝ ተሰለፈ። ኢንጎሎ ካንቴን ደግሞ ተመልከቱ። 2012/13 ቡሎኝ፣ የፈረንሳይ ሦስተኛ ሊግ። 2013/14 ካን፣ ሁለተኛ ሊግ፣ አብሮ አደገ። 2015 ሌስተር፣ 2016 የእንግሊዝ ሻምፒዮን። በየዓመቱ አንድ ደረጃ ብቻ ነው የወጣው፤ በየደረጃውም ይሰለፍ ነበር።

የራሳችንም አለ። ሽመልስ በቀለ ሀዋሳ ተወልዶ፣ ከሀዋሳ ከተማ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ኋላም ወደ ግብፅ ፔትሮጄት ሄደ። አዳነ ግርማም ከሀዋሳ ተነሥቶ ነው እ.ኤ.አ. በ2013 የአፍሪካ ዋንጫ ዛምቢያ ላይ አቻ የሚያደርገውን ግብ ያስቆጠረው። ሀዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ነው፤ ልጆቹ ይታዩ የነበረው አንድም ሀዋሳ ላይ ስለሚጫወቱ፣ አንድም ቡድኑ ስለሚያሸንፍ ነው። የሚያሸንፍ የከፍተኛ ሊግ ቡድን ውስጥ ያለ መካከለኛ ልጅ፣ ወራጅ ቀጠና ውስጥ ካለ ጎበዝ ልጅ ቀድሞ ይታያል። ፍትሐዊ አይደለም፣ ግን እንዲህ ነው።

የልብ ምት

«ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ ይረሳል» የሚለው ላይ ልቁም፤ ቁልፉ እሱ ነው።

መጀመሪያ ለካ። ዮዮ ፈተና ደረጃ 1 ምንም መሣሪያ አይፈልግም፤ 20 ሜትር ለክተህ ኮን ታስቀምጣለህ፣ የድምፅ ፋይሉን ስልክ ላይ ታጫውታለህ። ሄዶ መመለስ፣ 10 ሰከንድ ዕረፍት፣ ፍጥነቱ በየደረጃው ይጨምራል። ሁለት ጊዜ ድምፁ ሲቀድመው ያበቃል። የኦክስጅን አቅሙን በግምት ለማግኘት ርቀቱን በ0.0084 አባዝተህ 36.4 ትደምራለህ። 1,600 ሜትር የሮጠ ወደ 50፣ 2,400 ሜትር የሮጠ ወደ 56.5 ይደርሳል። 1,600 ላይ የቆመ አማካይ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ቢጠፋ አያስገርምም። አማካይ በአንድ ጨዋታ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ የሚያደክመው ግን ርቀቱ ሳይሆን መሀል መሀል ላይ የሚገባው ፈጣን ሩጫ ነው።

መፍትሔው 4 በ4 ነው፦ አራት ደቂቃ ከከፍተኛ የልብ ምት 90–95 በመቶ፣ ሦስት ደቂቃ ዝግ ያለ ሩጫ፣ አራት ጊዜ። በኖርዌይ ታዳጊ ተጫዋቾች ላይ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለስምንት ሳምንት ሲሠራ፣ በጨዋታ የሚሸፍኑት ርቀት በ20 በመቶ፣ ኳስ የነኩበት ብዛት ደግሞ በ24 በመቶ ጨምሯል። ሁለተኛውን ቁጥር አስተውሉ፤ ያልደከመ አማካይ ኳስ ይጠይቃል። በቅድመ ውድድር ሁለት ጊዜ፣ ሙሉ 90 የሚጫወት ከሆነ በውድድር ወቅት በሳምንት አንዴ፣ ከጨዋታ ሦስት ወይም አራት ቀን ቀድሞ። አዳማ ላይ ከጠዋቱ 12፡30 በፊት ካልጀመርክ ሙቀቱ የልብ ምቱን ያዛባዋል፤ ሰዓቱ 92 በመቶ ይልሃል፣ እግርህ ግን ገና አልሠራም። የሚበላሸው ደግሞ የመጀመሪያውን አራት ደቂቃ እንደ ውድድር ሲሮጡት ነው። አራተኛው ዙር ከመጀመሪያው እኩል ርቀት ካልሸፈነ ዙሩ ከሽፏል።

የኋላ ጭንን ለመጠበቅ ኖርዲክ፦ ጓደኛ ቁርጭምጭሚቱን ይይዘዋል፣ ተንበርክኮ ወገቡን ሳያጥፍ በዝግታ ወደ ፊት ይወርዳል። አንደኛ ሳምንት አንድ ቀን 2 በ5 (ሁለት ዙር፣ በየዙሩ አምስት ጊዜ)፣ ሁለተኛ ሳምንት ሁለት ቀን 2 በ6፣ ሦስተኛ ሳምንት ሦስት ቀን 3 በ6–8፣ ከዚያ እስከ 12 ድረስ። ሁሉም የሚያቋርጠው ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው፤ ሕመሙ ጉዳት ስለሚመስላቸው። ይህን ሥራ የጨዋታ ሳምንት መሀል ላይ አትጀምሩት፤ ቅድመ ውድድር ላይ ጀምሩት።

ዕረፍት አልባ አዙሪት ደግሞ አለ። ከፍተኛ ሊግ ቡድኖቹ አንድ ከተማ ተሰባስበው የሚጫወቱበት ስለሆነ፣ ጨዋታ በጨዋታ ላይ ይደራረባል። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ጨዋታ ካለ መሀሉ ላይ 4 በ4 የሚያሠራ አሰልጣኝ ልጁን እየገደለው ነው።

ታቦር ሥር

ዶክ፣ ሩጫው ደህና ሆኖ አሁንም ቢደክመውስ? አንዳንዱ ልጅ ዮዮ ላይ ጥሩ ነው፣ ጨዋታ ላይ ግን…

የልብ ምት

እንዲያ ከሆነ ላብራቶሪ። የደም ማነስ ምርመራ፣ ፌሪቲን (የተከማቸ ብረት መለኪያ) የሚሠራበት ቦታ ከተገኘ እሱንም፣ እና የሰገራ ምርመራ። ጃርዲያና ትላትል የያዘው ተጫዋች የቱንም ያህል ቢበላ አይጠቅመውም። ሀዋሳም አዳማም ወባ አለ፤ ወባ ታክሞ በሳምንቱ ሜዳ የገባ ልጅ አቅሙ ወዲያው ባይመለስ «ሰነፈ» አትበሉት።

አንድ የሀዋሳ ጉዳይ፦ ከጨዋታ በኋላ ሐይቁ ውስጥ ገብቶ እግር ማቀዝቀዝ። ሐይቁ ዳር ብልሃርዚያ አለ። በርሜል ውስጥ የቧንቧ ውሃ ሙሉ፣ በረዶ ካለ ጨምሩ፣ አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ጉልት ዳር

ምግቡን ማንም አላነሣም። 66 ኪሎ ለሆነ ልጅ ፕሮቲን በቀን ቢያንስ 105 ግራም ገደማ ነው (በኪሎ 1.6)። የጨዋታ ዋዜማ ካርቦሃይድሬት በኪሎ ከ6 እስከ 8 ግራም፣ ማለትም ከ400 እስከ 530 ግራም። ካምፕ ውስጥ በትክክል የሚቀርበው ግን እንጀራ በጥቂት ወጥ፣ ማታ ደግሞ ፓስታ ነው። ካርቦሃይድሬቱ ይሞላል፣ ፕሮቲኑ ይጎድላል።

ጾም ሲገባ ጉድለቱ ይሰፋል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ብዙ ጊዜ ከውድድሩ ሁለተኛ ዙር ጋር ይገጥማል። የተቀቀለ ምስር በ100 ግራም 9 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፣ ለውዝ 25 ገደማ። ስለዚህ ጠዋት የምስር ንፍሮ 250 ግራም፣ ቀን ሽሮ ወፍራም ተደርጎ፣ ከልምምድ በኋላ አንድ እፍኝ ለውዝ፣ ማታ እንደገና ምስር ወይም ሽምብራ። አድካሚ ነው፣ ግን ጉድለቱን ያጠባል። የሐይቁን ዓሣ በጾም መብላት አለመብላት የንስሐ አባቱ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ክር ላይ አንከራከርበት። እስከ 9 ሰዓት የሚያስቀድስ ልጅ ከሆነ ከባዱ ልምምድ ከ10 ሰዓት በኋላ እንዲሆንለት ከአሰልጣኙ ጋር ይነጋገር። ደብቆ ከመጾም ይሻላል። ባዶ ሆድ 4 በ4 የሠራ ልጅ ራሱን ይስታል።

የጨዋታ ቀን፦ ጨዋታው 9 ሰዓት ከሆነ 6 ሰዓት ላይ ሩዝ ወይም ፓስታ፣ በርበሬ ያልበዛበት። ሽሮና ምስር የዚያን ቀን ይቅሩ፤ ሆድ ይነፋሉ። ከጨዋታ በኋላ «እንኳን ደስ አለህ» ተብሎ የሚቀርበው ጥሬ ሥጋም ይቅር። ወይፈን ታርዶ ቢሆንም።

ስምንት ቁጥር አዳማ

ጫትም ይነሣ። ማንም በግልጽ አይናገረውም። ጫት ውስጥ ያሉት ካቲኖንና ካቲን በዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች ንጥረ ነገር ዝርዝር ላይ በውድድር ወቅት የተከለከሉ ናቸው፤ ካቲን በሽንት ከተወሰነ መጠን በላይ ሲገኝ። «እኛ ሀገር ሕጋዊ ነው» የሚለው መልስ ምርመራ ላይ አያድንም። እንቅልፉን ማሳጣቱ ሳይቆጠር።

ሌንስ

ቪዲዮ። ክለቦች የሚቀበሉት አብዛኛው ነገር የማይረባ ስለሆነ በዝርዝር ልጻፍ።

ሁለት ፋይል ያስፈልጋል፦ ሙሉ 90 ደቂቃ (ቢያንስ ሁለት ጨዋታ፣ አንዱ ቡድኑ የተሸነፈበት) እና ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ የሆነ ቅንብር። አሰልጣኝ ቅንብሩን ያያል፤ ከወደደው ሙሉውን ይጠይቃል። ሙሉው ከሌለ እዚያው ያልቃል። ግብ ብቻ የተደረደረበት ቅንብር ለአማካይ ዋጋ የለውም። ኳስ ሲቀበል ከአምስት ሰከንድ በፊት ጀምረህ ቁረጥ፤ አንገቱን ሲያዞር መታየት አለበት። ኳስ የነጠቀበት፣ ተነጥቆ የተመለሰበት፣ በግራ እግሩ የተቀበለበትም ይግባ። ልጁን የሚያሳየው ቀስት ወይም ክብ መጀመሪያው ላይ ብቻ ይቁም። ዘፈን አትጨምር።

መቅረጫው፦ ከመሀል መስመሩ ትይዩ፣ ቢያንስ ሦስት ወይም አራት ሜትር ከፍታ ላይ። መሬት ላይ ቆመህ የቀረጽከው ርቀት አያሳይም። ከሰዓት በኋላ ጨዋታ ከሆነ በምዕራብ በኩል ቁም፣ ፀሐይዋ ጀርባህ ላይ ትሁን። ኳሱን ሳይሆን ልጁንና በዙሪያው ያሉ ስድስት ሰባት ሰዎችን አካትት። በ1080 ጥራት የ90 ደቂቃ ፋይል ከ6 እስከ 12 ጊጋባይት ይይዛል፤ ቀድመህ ቦታ አጽዳ፣ ፓወር ባንክ ያዝ፣ ስልኩን በአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርግ። በ40ኛው ደቂቃ የመጣ ስልክ ጥሪ ስንቱን ቀረጻ አቋርጧል!

መጀመሪያው ስላይድ ላይ ስም፣ የትውልድ ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የመለያ ቁጥር፣ ተጋጣሚ፣ ቀን፣ ውጤት። የመለያውን ቀለም ጻፍ። ተመልካቹ ማንን እንደሚያይ ለማወቅ ሃያ ሰከንድ ከፈጀበት ዘጋው።

ማኅተም

ወረቀት ላይ ልምጣ። ብዙ ልጅ ሜዳ ላይ ሳይሆን እዚህ ነው የሚወድቀው።

የልደት ቀን። ልጁ ኅዳር 15 ቀን 1998 ከተወለደ፣ በአውሮፓ ኖቬምበር 24 ቀን 2005 ነው። የካቲት 15 ቀን 1998 ከሆነ ግን ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2006። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው የሚደመረው። አንዱ ጸሐፊ 7 ደምሮ ሌላው 8 ሲደምር አንድ ልጅ ሁለት ዕድሜ ይኖረዋል። የባሰው ደግሞ 1998 ሳይቀየር በቀጥታ ሲሞላ ነው፤ ልጁ በአንድ ቀን 28 ዓመት ሞላው ማለት ነው። የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፋይዳ፣ ፓስፖርት፣ ቴሴራ (የተጫዋችነት መታወቂያ)፣ የትምህርት ቤት ማስረጃ፦ አምስቱንም ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ማመሳከር። ስምም እንዲሁ፤ የአባትና የአያት ስም በላቲን ፊደል በየወረቀቱ አንድ ዓይነት ይጻፍ። አንዱ ላይ አንድ ፊደል ቢተርፍ፣ ዓለም አቀፍ ዝውውር ሲመጣ ሲስተሙ ላይ ሁለት ሰው ሆኖ ይቀርባል። ማስተካከያው መጀመሪያ ወሳኝ ኩነት ላይ ነው፣ ከዚያ ፓስፖርት። ተገላቢጦሽ ከጀመርክ ሁለት ጊዜ ትመላለሳለህ።

ዕድሜ ስለ መቀነስ። «ሁለት ዓመት ይቀነስለት» የሚል ሰው ከመጣ ሩጡ። ዕድሜው የተቀነሰ ተጫዋች ስኬታማ በሆነ ቁጥር የሚያውቁት የሰፈር ልጆች ቁጥርም ይበዛል።

የምዝገባ ታሪክ። ልጁ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ የት የት ተጫወተ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በፌዴሬሽን የተመዘገበ ይሁን። በፊፋ ሕግ ተጫዋች ኮንትራቱ ሳያልቅ ከሀገር ወደ ሀገር በክፍያ ሲዘዋወር 5 በመቶው ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል፤ ከ12 እስከ 15 ዓመት ለእያንዳንዱ የውድድር ዘመን 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ለእያንዳንዱ 0.5 በመቶ። ሀዋሳ ላይ ከ16 እስከ 20 አምስት ዓመት የሠለጠነ ልጅ ኋላ በ200 ሺህ ዶላር ቢሸጥ፣ 2.5 በመቶ፣ ማለትም 5 ሺህ ዶላር ለዚያ ክለብ ይመጣል። የሰፈር ፕሮጀክቶች አብዛኞቹ ምዝገባ ስለሌላቸው ምንም አያገኙም። ታዳጊ የምታሠለጥኑ ይህን አንብባችሁ ዛሬ መዝገብ ጀምሩ።

ፊርማ

ኮንትራቱን እኔ ልያዝ። ማኅተም የጻፈው ሁሉ ትክክል ነው።

ደመወዝ ሲነገር መጀመሪያ የሚጠየቀው «የተጣራ ነው ያልተጣራ?» ነው። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የገቢ ግብር ሠንጠረዥ መሠረት 40,000 ብር ያልተጣራ ቢሆን፦ እስከ 2,000 ነፃ፣ ከዚያ 15፣ 20፣ 25፣ 30 በመቶ እያለ 14,000 ላይ 2,850 ብር ይደርሳል፤ ከ14,000 በላይ ያለው 26,000 ደግሞ በ35 በመቶ 9,100። ድምር 11,950። ጡረታ 7 በመቶ ካለ 2,800 ይጨመራል። እጁ ላይ የሚገባው 25,250 ነው። ልጁ በአፍ 40 ተብሎ ከፈረመ በመጀመሪያው ወር ክለቡን «በላኝ» ይላል፤ ክለቡ ግን አልበላም። ውሉ ላይ «የተጣራ» የሚለው ቃል ይጻፍ ወይም አይጻፍ፣ ግን ይታወቅ።

ሌሎች መስመሮች፦ ጉዳት ሲደርስ ሕክምናውን ማን እስከ መቼ ይከፍላል፣ ደመወዙ ይቀጥላል ወይ። ቡድኑ ሲያድግ ስንት ይጨመራል። ቡድኑ ሲወርድ ልጁ የመልቀቅ መብት አለው ወይ። የመልቀቂያ ዋጋ በቁጥር፤ «በስምምነት» የሚል ቃል ዋጋ የለውም። የተፈረመና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ልጁ እጅ ይቅር። አንድ ቅጂ ብቻ ተፈርሞ ክለቡ ቢሮ የቀረ ኮንትራት፣ ያልተፈረመ ያህል ነው።

ከፊፋ ደንብ ሦስት ነገር ላስታውሳችሁ። ኮንትራት ቢበዛ አምስት ዓመት ነው። ከማለቁ ስድስት ወር ሲቀረው ተጫዋቹ ከሌላ ክለብ ጋር መነጋገር ይችላል። በአንድ የውድድር ዘመን ቢበዛ ለሦስት ክለብ መመዝገብ ይቻላል፤ መጫወት ግን ለሁለት ብቻ። ጥቅምት ላይ ለከፍተኛ ሊግ ክለብ ተጫውቶ በመሀል ዝውውር ፕሪሚየር ሊግ የገባ ልጅ ሁለቱን ጨረሰ፤ እዚያ ወንበር ላይ ቢቀር በዚያ ዓመት ሌላ መውጫ የለውም።

ደመወዝ ሲቆም ደግሞ። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2018 ባስገባው ድንጋጌ ሁለት ወር ያልተከፈለ ተጫዋች በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቢያንስ 15 ቀን ከጠበቀ በኋላ በበቂ ምክንያት ውል ማቋረጥ ይችላል። ይህ በቀጥታ የሚሠራው ዓለም አቀፍ ገጽታ ላለው ክርክር ነው፤ የሀገር ውስጡ በፌዴሬሽናችን ደንብና አካል በኩል ይሄዳል። ያም ሆነ ይህ ጽሑፉ ይጠቅማል። ሜዳ መቅረት ግን አይጠቅምም፤ ልምምድ ያቋረጠ ልጅ ራሱ ውል አፍራሽ ተደርጎ ይቀርባል። እየተለማመደ ደብዳቤ ይጻፍ፣ የደረሰበትን ቀን በፊርማ ያስቀበል።

አሞራ ገደል ማዶ

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ እንጂ፤ ወንበር ወይስ መሰለፍ? እኔ ፕሪሚየር ሊግ እላለሁ። ጨዋታው በቴሌቪዥን ይተላለፋል፣ ልምምዱ የተሻለ ነው፣ አምስት ቅያሪም አለ።

ስምንት ቁጥር አዳማ

አልስማማም። ቅያሪ አምስት መሆኑ ለ20 ዓመት አማካይ ብዙ አይለውጥም፤ አሰልጣኝ ሲመራ ልምድ ያለውን ያስገባል፣ ሲመራበት አጥቂ ያስገባል። ከመወሰኑ በፊት የሚቆጠር ነገር አለ። ክለቡ ስንት የመሀል አማካይ አለው? ከነሱ ስንቱ ከ30 በላይ ነው፣ የስንቱስ ኮንትራት ዘንድሮ ያልቃል? አሰልጣኙ ባለፉት ሁለት ዓመታት ከ23 በታች ላሉ አማካዮች ስንት ደቂቃ ሰጠ? ይህ ከየጨዋታው የአሰላለፍ ዘገባ ላይ በአንድ ምሽት ይለቀማል። ከፊት ያሉት አራት ከሆኑና ሁሉም ከ27 በታች ከሆኑ፣ ልጁ የልምምድ ማሟያ ነው። ሁለት ብቻ ሆነው አንዱ 33 ዓመቱ ከሆነ ይሂድ። በእኔ ግምት በዓመት ከ900 ደቂቃ በታች፣ ማለትም ከአሥር ሙሉ ጨዋታ በታች የሚያገኝበት ቦታ ለዚህ ዕድሜ ኪሳራ ነው።

ፊርማ

ከሁለቱ ሌላ መንገድም አለ፤ ማንም አይጠይቀውም። ፕሪሚየር ሊጉ ያስፈርመው፣ ለመጀመሪያው ዓመት ለከፍተኛ ሊግ ክለብ በውሰት ይስጠው። ክለቡ ልጁን ይይዛል፣ ልጁ ይሰለፋል። ውሉ ላይ ደመወዙን ማን እንደሚከፍልና በመሀል ዝውውር መልሶ መጥራት መቻሉ ይጻፍ።

አሞራ ገደል ማዶ

ውሰቱን ልቀበል። ግን ደመወዝ ከፍ አድርጎ የጠራውን የከፍተኛ ሊግ ክለብ እንዳትረሱ፤ ተፎካካሪ ቡድን ከሆነ እሱም መንገድ ነው። ብሩ ለሁለት ዓመት ሊያስር እንደሚችል ብቻ ይታወቅ።

ማኅተም

ወኪሉን አንርሳ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የፊፋ ወኪል ለመሆን ፈተና አልፎ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው፤ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ስም ዝርዝር በፊፋ ድረ ገጽ ለማንም ክፍት ነው። ስሙን ጠይቁ፣ ፈልጉ። ከተጫዋች ጋር የሚፈረም የውክልና ውል ከሁለት ዓመት አይበልጥም፤ አምስት ዓመት የሚል ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ደላላ ነው።

የሙከራ ግብዣ ከመጣ በክለቡ የተፈረመ ደብዳቤ ይኑር፣ ደብዳቤው ላይ ባለው አድራሻ ሳይሆን ከክለቡ ይፋዊ ድረ ገጽ ላይ በተገኘው አድራሻ ይረጋገጥ። ትኬት፣ ማደሪያ፣ መድን ማን እንደሚከፍል ይጻፍ። «ለፕሮሰስ» ተብሎ ከልጁ ቤተሰብ ብር የሚጠየቅ ከሆነ ሙከራ የለም። ኮንትራት ያለው ልጅ ደግሞ ያለ ክለቡ የጽሑፍ ፈቃድ ሙከራ ከሄደ ራሱ ተከሳሽ ይሆናል። እዚያ ቢጎዳስ ማን ያክመዋል?

ታቦር ሥር

ብዙ ነገር ተነሣ፣ አመሰግናለሁ። በሐሳብ የሣልነውን የሚመስል አንድ ልጅ አለ፤ ጓደኞቹ ለቅድመ ውድድሩ የዮዮ ፈተናውንና የወረቀት ማመሳከሩን አንድ ላይ ሊጀምሩለት ነው። አንድ ጥያቄ ለሌንስ፦ ባለፈው ጨዋታ የተቀረጸው ፋይል 9 ጊጋ ሆኖ በቴሌግራም አልሄድ አለ። አሳንሰው ሲልኩት ደግሞ ቁጥሩ አይነበብም። ምን ይሻላል?

ሌንስ

ቴሌግራም በነፃ አካውንት አንድ ፋይል ከ2 ጊጋ አያሳልፍም፤ እንደ ቪዲዮ ከላክኸው ደግሞ ራሱ ይጨምቀዋል። ወይ በየ18 ደቂቃው ቆርጠህ «እንደ ፋይል» ላክ፣ ወይ ዩቲዩብ ላይ ሊንኩ ያለው ብቻ እንዲያየው አድርገህ ጫን። ሁለተኛው ይሻላል፤ አሰልጣኙ ስልኩ ላይ ሳያወርድ ያያል፣ አንተም ስንት ጊዜ እንደታየ ታውቃለህ። ከመግለጫው ሥር ደቂቃዎቹን ጻፍለት፦ 12፡40 ኳስ ነጠቃ፣ 31፡05 ረጅም ቅብብል፣ እንዲህ እያልክ። ማታ ከ5 ሰዓት በኋላ ጫን፣ ኔትወርኩ ይሻላል።